የስንዴና የሽምብራ ዳቦ አጋገርና የቤተሰብ የምግብ ዕቅድ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በአርሲ፣ በባሌና በሸዋ ስንዴ አብቃይ ወረዳዎች ታኅሣሥና ጥር የጥጋብ ወራት ናቸው። ጎተራው ይሞላል፣ ሠርጉና ዝክሩ ይደገሳል፣ ድፎ ዳቦ ከየቤቱ አይጠፋም። በነሐሴና በመስከረም ግን እዚያው ቤት ውስጥ ያሉት ሕፃናት ፊታቸው ይገረጣል፣ ክብደታቸው ይቀንሳል፣ ተቅማጥና ሳል ይደጋግማቸዋል። ምክንያቱ ሁልጊዜ የምርት ማነስ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ምርቱ ከአውድማ እንደተነሣ ጥራጥሬው ወደ ገበያ፣ ስንዴው ወደ ወፍጮ ስለሚሄድና ጎተራው እስከ ስንት ወር እንደሚያደርስ ቀድሞ ስለማይሰላ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ መሆኑ ታውቋል። መቀንጨር በአብዛኛው የሚደርሰው ከፅንስ ጀምሮ እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የጎደለውን ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ምርት እንዲጨምር የሚደክም የልማት ሠራተኛ፣ ምርቱ ከጎተራ ወደ ምጣድ፣ ከምጣድ ወደ ሕፃኑ ሳህን እንዴት እንደሚደርስም መከታተል ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚሁ ሥራ የሚረዳ ቀላል የዳቦ አጋገርና የምግብ ዕቅድ ማቅረብ ነው።

ስንዴና ጥራጥሬ ለምን ይደባለቃሉ

ምግብ በሦስት ይከፈላል። እህል፣ ድንችና ቅባት ኃይልና ሙቀት ሰጪዎች ናቸው። ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ዕንቁላልና ሥጋ አካል ገንቢዎች ናቸው። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ፍራፍሬ ደግሞ በሽታ ተከላካዮች ናቸው። በአንድ ቀን ገበታ ላይ ሦስቱም መገኘት ይኖርባቸዋል።

ከ100 ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ 11 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። በሽምብራ ውስጥ 20 ግራም፣ በባቄላና በምስር ውስጥ 25 ግራም ያህል ይገኛል። ይሁን እንጂ ዋናው ነገር መጠኑ ብቻ አይደለም። የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ገንቢ ንጥረ ነገር ይጎድለዋል፤ በጥራጥሬ ውስጥ ግን ላይሲን በብዛት አለ። ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ ስንዴው ያሟላለታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሉ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚሰጡት የበለጠ አካልን ይገነባሉ። እንጀራን በሽሮ፣ ስንዴን ከባቄላ ጋር በንፍሮ መብላት ከጥንት የነበረ ልማድ ነው። በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የአዲስ አበባው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ፋፋን ያዘጋጀው እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በመቀላቀል ነበር።

በዳቦ ረገድ ግን ይህ ልማድ አልተስፋፋም። ዳቦው ከስንዴ ብቻ ይጋገርና በሻይ ይበላል። ያን ዕለት ጠዋት ቤተሰቡ ሆዱን ሞላ እንጂ አካል ገንቢ ምግብ በሚገባ አላገኘም። 5 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 550 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖረው፣ ከዚሁ ውስጥ 1 ኪሎው በሽምብራ ዱቄት ቢተካ ወደ 640 ግራም ከፍ ይላል፤ ጥራቱም ይሻሻላል።

ይህ ለማሳውም የሚጠቅም ነው። በተከታታይ ስንዴ ብቻ የሚዘራበት መሬት እየደከመ ይሄዳል፣ አረሙና በሽታው ይበዛል። በመካከሉ ባቄላ ወይም ሽምብራ ቢዘራ ግን ጥራጥሬው ከአየር ናይትሮጅን ስለሚሰበስብ የሚቀጥለው ስንዴ ይጠቀማል። ከደብረ ዘይት የወጡት አረርቲና ሀብሩ የተባሉት የሽምብራ ዝርያዎች ነጣ ያለ ፍሬ ስላላቸው ዱቄታቸው ለዳቦ ይስማማል።

ዕቅዱ የሚጀምረው ከጎተራ ነው

የቤተሰብ የምግብ ዕቅድ ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው የወጥ ዓይነት መምረጥ ነው። ይሁንና ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ጎተራን መስፈር ነው። ለስሌት እንዲያመች አንድ ቋሚ መጠን መያዝ ይቻላል፤ ይኸውም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ነው። በዚህ መሠረት 6 ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በወር 90 ኪሎ እህልና 24 ኪሎ ጥራጥሬ ያስፈልገዋል። ይህም በዓመት 11 ኩንታል ገደማ እህልና 3 ኩንታል ገደማ ጥራጥሬ ይሆናል።

ለምሳሌ አንድ 6 ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ 12 ኩንታል ስንዴ አመረተ እንበል። ለዘር 1 ኩንታል ተኩል አስቀመጠ፤ ለማዳበሪያ ዕዳና ለልብስ 2 ኩንታል ተኩል ሸጠ፤ ለቀለብ 8 ኩንታል ቀረው። 800 ኪሎ ለ90 ሲካፈል 9 ወር አይሞላም። ከታኅሣሥ ጀምሮ የሚበላ ከሆነ በነሐሴ መጨረሻ ጎተራው ባዶ ይሆናል ማለት ነው። አዲሱ ስንዴ የሚደርሰው ግን ከኅዳር በኋላ ነው። የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ቀለብ፣ ማለትም 270 ኪሎ፣ ከአሁኑ ጎድሏል።

ይህ ጉድለት በታኅሣሥ ከታወቀ መፍትሔ አለው፤ በነሐሴ ከታወቀ ግን የሚቀረው መበደር ወይም በሬ መሸጥ ነው። ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ የሚከተሉትን ማድረግ ይችላል።

1. ከቀለብ በላይ የሆነውን ብቻ መሸጥ፤ የሚሸጠውንም ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋ በሚወርድበት ወቅት ሳይሆን በማኅበሩ መጋዘን አቆይቶ ማውጣት።

2. ለጠላ፣ ለአረቄና ለድግስ የሚወጣውን እህል መስፈርና በቀለቡ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት። አንድ ኩንታል እህል ለድግስ ሲወጣ የአንድ ወር ቀለብ እንደወጣ ባልና ሚስት አብረው ሊያውቁት ይገባል።

3. ቶሎ የሚደርስ ሰብል መትከል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ ድንች የ1 ኪሎ እህልን ያህል ኃይል ይሰጣል። በሄክታር 100 ኩንታል ቢገኝ ከግማሽ ጥማድ 12 ኩንታል ተኩል ድንች ይሰበሰባል፤ ይህም የሦስቱን ወራት ጉድለት ይሸፍናል። ከሆለታ የወጡት ጉደኔና በለጠ የተባሉት ዝርያዎች ለዚህ የሚሆኑ ናቸው።

4. ጥራጥሬውን ከመሸጥ በፊት የቤቱን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ። ከዚህ በታች በተገለጸው አሠራር በሳምንት ሁለት ጊዜ ዳቦ ለመጋገር የሚያስፈልገው ሽምብራ በሳምንት 1 ኪሎ ብቻ ነው። በዓመት ግማሽ ኩንታል ሽምብራ መሆኑ ነው።

ለጎተራው አያያዝም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እህሉ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይከተታል። አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ቢቀመጥ ነቀዙ በአየር እጥረት ስለሚሞት መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ከረጢቱ በአይጥ እንዳይበሳ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይደረጋል።

የሽምብራ ዱቄት አዘገጃጀት

ሽምብራው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያም በለዘበ እሳት ይታመሳል። ማመሱ ሁለት ጥቅም አለው፤ ጥሬ ጥራጥሬ ውስጥ ያለውንና ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክለውን ነገር ያዳክማል፣ የጥሬውንም ሽታ ያጠፋል። ቢያር ግን ዳቦውን ስለሚያመርረው ቀለሙ ወርቃማ ሲሆን ወዲያው መውረድ አለበት። ከቀዘቀዘ በኋላ ይከካል፣ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል፣ ክኩም አልሞ ይፈጫል። ዱቄቱ ቢቆይ ስለሚሻግት የአንድ ወር ያህል ብቻ ተፈጭቶ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ። ሽምብራ በሌለበት የታመሰና የተከካ ባቄላ ወይም አተር መጠቀም ይቻላል።

የዳቦው አጋገር

ለ6 ሰዎች የሚሆን ሁለት መካከለኛ ድፎ ለመጋገር የሚያስፈልጉት የሚከተሉት ናቸው።

የስንዴ ዱቄት 2 ኪሎ
የሽምብራ ዱቄት ግማሽ ኪሎ
ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ እርሾ 2 ብርጭቆ፣ ወይም የገበያ ደረቅ እርሾ 2 የሾርባ ማንኪያ
ጨው 2 የሾርባ ማንኪያ
ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ
ጥቁር አዝሙድ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ከተገኘ ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማ
ለብ ያለ ውኃ 1 ሊትር ተኩል ገደማ
ኮባ ቅጠል

ሚዛን በሌለበት ቤት 4 እጅ ስንዴና 1 እጅ ሽምብራ በአንድ ዓይነት መስፈሪያ መስፈር ነው።

ሁለቱ ዱቄቶች በአንድነት ይነፋሉ፤ ይህም ድብልቁ እኩል እንዲሆን ይረዳል። እርሾው በለብታ ውኃ ይበጠበጣል። ዱቄቱ፣ ጨውና አዝሙዱ ከተቀላቀሉ በኋላ እርሾውና የቀረው ውኃ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ይቦካል። የሽምብራ ዱቄት ከስንዴ ይበልጥ ውኃ ስለሚጠጣ ሊጡ ጠንከር ካለ ጥቂት ውኃ ይጨመርበታል። ዘይቱ በመጨረሻ ገብቶ ሊጡ ከእጅ እስኪላቀቅ ድረስ 15 ደቂቃ ያህል ይታሻል።

ከዚህ በኋላ ተሸፍኖ ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። በገበያ እርሾ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃዋል፤ በቤት እርሾ ግን ማታ ተቦክቶ ቢያድር ይሻላል። መቆየቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ሊጡ ሲቦካ ይህ ነገር ስለሚቀንስ አካላችን ብረቱንና ዚንኩን በተሻለ ያገኛል። ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ ለሚቀጥለው ጊዜ እርሾ የሚሆን 2 ብርጭቆ ተነሥቶ ይቀመጣል።

ምጣዱ ይሰማል፣ የታጠበው ኮባ ይነጠፍበታል፣ ለሁለት የተከፈለው ሊጥ በየተራ ይገለበጥበታል። በላዩ ኮባ ይሸፈንና ክዳኑ ይገጠማል። የብረት ክዳን ካለ ጥቂት ፍም በላዩ ይደረጋል፤ ከሌለ ዳቦው ሲጠና ይገለበጣል። ሽምብራ ያለበት ዳቦ ከስንዴ ዳቦ ይልቅ ቶሎ ስለሚጠቁር እሳቱ ለዘብ ማለት አለበት። ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይበቃዋል። መሐሉ በቀጭን እንጨት ሲወጋ እንጨቱ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ፣ ሆዱም በጣት ሲመታ ክፍት ድምፅ ከሰጠ ደርሷል ማለት ነው።

ይህ ዳቦ የስንዴውን ያህል አይነፋም፤ ይህን ለእናቶች አስቀድሞ መንገር ይገባል። አለበለዚያ ሊጡ የተበላሸ ይመስላቸዋል። የለመደው ሰው እንዳይጠላው በመጀመሪያ 9 እጅ ስንዴና 1 እጅ ሽምብራ ማድረግና ቀስ በቀስ ወደ 4 ለ1 ማድረስ ይቻላል። ኩፍ ማለት ለማያስፈልገው ቂጣ ግን 3 እጅ ስንዴ ወይም ገብስ ለ1 እጅ ሽምብራ ይሆናል።

የአንድ ሳምንት ምግብ

የሚከተለው ከመኸር በኋላ ላሉት ወራት፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ቤተሰብ የቀረበ ምሳሌ ነው። እንደ አካባቢውና እንደ እምነቱ ይለወጣል። መመሪያው አንድ ነው፦ ጥራጥሬ በየቀኑ፣ ቅጠላ ቅጠል በየቀኑ፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ለሕፃናት ቅድሚያ።

ሰኞ፦ ቁርስ ድብልቅ ዳቦ፣ ለልጆች ወተት ወይም እርጎ፤ ምሳ እንጀራ በምስር ወጥ፤ እራት እንጀራ በጎመንና በድንች።

ማክሰኞ፦ ቁርስ ድብልቅ ዳቦ፤ ምሳ እንጀራ በሽሮና በካሮት፤ እራት ድንች በአይብና በጎመን።

ረቡዕ፦ ለልጆች ቁርስ የድብልቅ ዱቄት ገንፎ በወተት፤ ምሳ እንጀራ በክክ ወጥና በጎመን፤ እራት የስንዴና የባቄላ ንፍሮ።

ሐሙስ፦ ቁርስ ድብልቅ ዳቦ (ሁለተኛው ጋገራ)፤ ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ ለልጆች ዕንቁላል፤ እራት እንጀራ በዱባ ወጥ።

ዓርብ፦ ለልጆች ቁርስ ድብልቅ ዳቦና ወተት፤ ምሳ እንጀራ በምስርና በቃሪያ ስንግ፤ እራት ቂጣ በሽሮ።

ቅዳሜ፦ ቁርስ ቂጣ ፍርፍር፤ ምሳ እንጀራ በጎመንና በአይብ፤ እራት እንጀራ በክክ ወጥ።

እሑድ፦ ቁርስ ገንፎ በቅቤ ወይም በዘይት፤ ምሳ እንጀራ በዕንቁላል ወይም አቅም ሲፈቅድ በሥጋ ወጥ፤ እራት ድብልቅ ዳቦና እርጎ።

ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት ከአካል ጋር እንዳይዋሐድ ስለሚከለክሉ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ራቅ አድርጎ መጠጣት ይመረጣል። ይህ በተለይ ነፍሰ ጡሮችን ይመለከታል። አዮዲን ያለው ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር።

በሐምሌና በነሐሴ እህሉ ሲሳሳ ቤተሰቡ በልማድ ቀድሞ የሚተወው ሽሮውን ነው። ይህ ትክክል አይደለም። መቀነስ ካስፈለገ ዳቦው ይቀነስና ድንችና ጎመን ይተካው፤ የጥራጥሬው ድርሻ ግን አይነካ።

የሕፃናት ድርሻ

ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውኃም አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እየጠባ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠዋል። ከ6 እስከ 8 ወር ቢያንስ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ ቢያንስ 3 ጊዜ መመገብ ይገባዋል።

በብዙ ቤት ለሕፃኑ የሚሰጠው ቀጭን አጥሚት ነው። ቀጭን አጥሚት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ትንሿን ሆድ ቢሞላም ኃይል አይሰጥም። ገንፎው በማንኪያ ሲነሣ ሳይንጠባጠብ የሚቆይ መሆን አለበት። 3 እጅ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄትና 1 እጅ የታመሰ የሽምብራ ዱቄት ተቀላቅሎ በደንብ ይበስላል፤ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት፣ የተፈጨ ካሮት ወይም የደቀቀ ጎመን ይጨመርበታል። በጣም ከወፈረ ውኃ ከመጨመር ይልቅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ቢገባበትና እንደገና ቢፈላ ራሱ ይለዝባል።

ሕፃኑ የራሱ ሳህን ይኑረው። ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ትሪ የቀረበ ሕፃን ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም፤ አባወራውና እንግዳው ከበሉ በኋላ በሚተርፈው የሚያድግ ልጅም ይጎዳል። ሕፃናት ከጾም ግዴታ ነፃ ስለሆኑ በጾም ወራት ወተትና ዕንቁላል ሊከለከሉ አይገባም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር ብትመካከር መልካም ነው። በእስልምናም እንዲህ ላሉት እናቶች ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ተፈቅዷል።

ፈጽሞ ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

ጓያ፦ ጓያ ድርቅንና ውኃ የሚተኛበትን መሬት ስለሚችል በክፉ ዘመን ብቻውን ይተርፋል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ዋና ምግብ ሆኖ ለሳምንታትና ለወራት ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ በሽታው አንዴ ከያዘ አይድንም። እንደ ደምቢያና ፎገራ ባሉ አካባቢዎች በዚህ ምክንያት በዱላ የሚሄዱ ወጣቶች ታይተዋል። ጓያ ከተፈጨ በኋላ ከሽምብራና ከአተር ለመለየት ስለሚያስቸግር ለዳቦው የሚሆነው ሽምብራ በፍሬው ተገዝቶ ቤት መፈጨት አለበት።

የታሸ ዘር፦ በመድኃኒት የታሸና ቀለም የተቀባ ዘር ቢታጠብም አይበላም፤ ለከብትም ለዶሮም አይሰጥም። የመድኃኒትና የማዳበሪያ ከረጢትም ለዱቄት አይውልም።

ሻጋታ፦ የሻገተ በቆሎ ወይም ኦቾሎኒ መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ በመጋገር አይጠፋም። ስለዚህ መጣል አለበት።

የልማት ሠራተኛውና የማኅበራት ተግባር

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በመሆን በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ማለትም ሽያጩ ከመጠናቀቁ በፊት፣ በየቀበሌው የጎተራ ስሌት ቢያስተምር ይመረጣል። በትምህርቱ ባልና ሚስት አብረው መገኘት አለባቸው፤ የሚሸጠው አንዱ፣ የሚጋግረው ሌላው ሆኖ ስሌቱ ለአንዱ ብቻ ቢነገር ፍሬ የለውም። የዳቦው ሠርቶ ማሳያ በአንዲት ገበሬ ቤት፣ በራሷ ምጣድና በራሷ መስፈሪያ ይካሄድ። የስንዴው ዳቦና ድብልቁ ጎን ለጎን ተጋግረው ይቀመሱ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ የአባላትን ጥራጥሬ በአንድነት ማከማቸት፣ ባለ ድርብ ከረጢት በጅምላ አስመጥተው ማከፋፈል፣ ለሽምብራ ማስፈጫ የሚሆን ንጹሕ የወፍጮ ቀን መወሰን ይችላሉ። ጎረቤታሞች በአንድ የጋለ ምጣድ በየተራ ቢጋግሩ ማገዶ ይቆጠባል። ዳቦ ቤት ያለው ማኅበር ደግሞ ድብልቁን ዳቦ በመጀመሪያ ለትምህርት ቤት ልጆች ቢያቀርብ ልጆቹ በየቤታቸው ያስለምዱታል።

በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ዓልሟል። ለዚህ ዓላማ በእያንዳንዱ ቤት ሊደረግ የሚችለው የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። በታኅሣሥ ጎተራውን መስፈር፣ ከሚሸጠው ሽምብራ ላይ ግማሽ ኩንታል ለይቶ ማስቀረት፣ ለሕፃኑም የራሱን ሳህን ማቅረብ ነው።